ኮዱን ካሹ ሚስቴን

ታላቅ ወንድሜ የሞተ ሰሞን ለቅሶ ቤቱን ያሳቅሁት እኔ ነኝ። ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ሆዱን ይዞ ይወጣል። ስለ ሟች የማወራው ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ሰርቦ ከተማ ውስጥ ካለ ባለ ሻይ ቤት ሁሉ ስኳር በፍሬ ቆጥሮ የሚጨምር እሱ ብቻ እንደነበረ፣ አንድ ጊዜ ጉንዳን ከስኳር ዕቃው ወጥታ ስታለቅስ እንዳየኋት። ከጅማ የመጡ የእናቴ ዘመዶች በኦሮምኛ «ይሄኛው አልገባውም መሰለኝ» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ገብቶኛል። የገባኝ ግን ሬዲዮ ላይ እንደሚሰማ የሌላ አገር ዜና ነው። ጥርስ ሊነቀልለት የሄደ ሰው መርፌው ከያዘው በኋላ ከንፈሩን ቢነክስ አያውቀውም። እኔ ደግሞ ከከንፈሬ በቀር ሁለመናዬ ደንዝዞ ነበር። ከንፈሬ ብቻ ሥራ አላቆመም።

የኛ ሰው ቀብር ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል። ጀናዛው ከመሸኘቱ በፊት «ሟችን አውፍ በሉት» ይባላል፤ የበደላችሁን ይቅር በሉት፣ ሸክሙ ይቅለልለት ማለት ነው። ሰርቦ በሙሉ አውፍ አለ። በስኳሩ የተቀየሙት እንኳን አሉ። ሚስቱ ግን ዝም አለች። እናቴ እጇን ይዛ «ማሎ፣ ማሎ ልጄ፣ አንድ ቃል እኮ ናት» ብላ ብትለምናት አሁንም ዝም።

ምክንያቱን የሰማሁት ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ ትቀመጣለች፤ ወራቷ እስኪሞላ ከቤቷ አትወጣም። እኔም የባሏ ወንድም ስለሆንኩ ብቻዋን ገብቼ ላዋራት አይገባም። ስለዚህ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ፣ እናቴ መሃል ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ እንደ ድንበር ጠባቂ ተቀመጠች።

«ጅማ ሐኪም ጋ የሄደ ቀን አብረኸው ነበርክ» አለች ከመጋረጃው ኋላ።

«ውጭ ነው የጠበቅኩት።»

«ሲወጣ ምን አለህ?»

«‹ሻይ አብዝተሃል አሉኝ› ነው ያለኝ።»

«ለኔ ደግሞ ጨጓራ ነው አለኝ። የገደለው ግን ልቡ ነው። ያውቅ ነበር?»

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለህ እንዴ! እንደሚሞት ነዋ። አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ እያወቀ ከደበቀኝ፣ ወላሂ አውፍ አልለውም። ሳያውቅ ከሆነ ግን አሁኑኑ ብዬዋለሁ።»

አፌ ላይ ቀልድ መጣ። ምን እንደነበረ አላስታውሰውም፤ መጥቶ ከንፈሬ ላይ ተገተረ፣ አልወጣም። «አላውቅም» አልኩ።

እናቴ መቁጠሪያዋን ማንከባለሏን ሳታቆም «አንቺ አታውቂ፣ እሱ አያውቅ። ያ አላህ! እስከዚያ ልጄ ከነሸክሙ ይቀመጥ?» አለች።

በዚህ ሁኔታ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የምሠራው ከወንድሜ ሻይ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው የቡና መረከቢያ ግቢ ነው። ገበሬው ቀዩን እሸት ቡና ያመጣል፣ እኛ እንመዝናለን፣ ሚዛኑ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ጅማ ላለው ዋና ቢሮ ያወራል፣ ዋናው ቢሮ መሸኛ ይልካል፣ መኪናው መሸኛውን ይዞ ይወጣል። ኮምፒውተሮቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከሰርቦ እስከ ሸቤ አንድ ኮምፒውተር ቢያስነጥስ መሐረብ የማቀብለው እኔ ነኝ ብል ብዙ አልዋሸሁም። የግቢውን ባለቤት ሐጂን «በነጻ የሚገኝ ሲስተም አለ፣ እሱን እንጫን፣ ቫይረስ በስሙ እንኳን አያውቀውም፣ ሰማይ ቢደፋ አይወድቅም» ብዬ ያሳመንኳቸውም እኔ ነኝ።

ሰማዩ ሳይደፋ ወደቀ።

የወደቀው ለቅሶው አልቆ ሻይ ቤቱ በተከፈተ ሳምንት ነው። እናቴ ከጓዳ እያዘዘች አንዲት ተቀጣሪ ልጅ ሻይ ትቀዳ ነበር። እኛ ግቢ ደግሞ ጠዋት ሚዛኑ ላይ የመጀመሪያው ጆንያ ሳይወጣ ኔትወርኩ ይሞታል። ኮምፒውተሩ ራሱ ደህና ነው፤ ይበራል፣ ይጽፋል፣ ይደምራል። ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ብቻ ነው የሚወድቀው። ኔትወርክ አስተዳዳሪ ይባላል፤ ከኋላ ተቀምጦ ማን ጋ እንደምንገናኝ፣ በየትኛው መስመር እንደምንሄድ የሚወስን ነው። ይወድቃል። ሌላ ጠባቂ ፕሮግራም ያነሳዋል። ተነስቶ ዙሪያውን ያያል፣ መልሶ ይወድቃል። ጠባቂው ደጋግሞ አንስቶት አንስቶት ሲሰለቸው «በቃ» ብሎ ለጊዜው ይተወዋል። ምራቄን ሳልውጥ መቶ ጊዜ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ እሺ፣ መቶ አይሆንም፣ ምራቄን ግን አልዋጥኩም።

ገመድ ቀየርኩ። ማከፋፈያውን ቀየርኩ። አንዱን ኮምፒውተር ጨርሶ አጥፍቼ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩ፤ አዲሱም ተነስቶ ዙሪያውን አየና ወደቀ። በሌላ ጊዜ ቢሆን አብድ ነበር። ያን ሰሞን ግን እያየሁት ምንም አይሰማኝም። ይወድቃል፣ አየዋለሁ። መኪኖቹ ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፈዋል፣ አያቸዋለሁ።

ሐጂ ከጅማ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

«ነጻ ሲስተም ያልከኝ» አሉ፣ «ለካ ከሥራ ነጻ ማለትህ ነው።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ቀልድ ነው።

«ሐጂ፣ ሸቤ ያሉት ኮምፒውተሮች የነዚህ መንትያ ናቸው። አንድም ቀን አልወደቁም። እርስዎ ራስዎ ደውለው ይጠይቁ።»

«ጠይቄያለሁ። እና ምን ላድርግ? ሰርቦን ነቅዬ ሸቤ ልትከለው?» ቀና ብለው አዩኝ። «ሐዘንተኛ እንደሆንክ አውቃለሁ። እሸት ቡና ግን ሐዘን አያውቅም፤ በቀኑ ካልተፈለፈለ ይብላላል። ምን እንደሆነ ፈልግና አግኝልኝ።»

ያገኘልኝ አርብ ነው። ጁምዓ ሰግደን ስንመለስ፣ መዛኟ ብቻዋን ግቢ ውስጥ ነበረች። ክርስቲያን ናት፤ አርብ አርብ ሁላችንም ስንወጣ ግቢውን የምትጠብቀው እሷ ናት።

«እናንተ ስትሄዱ ኔትወርኩ ተነሳ» አለችኝ። «ስትመለሱ ወደቀ። እኔ እንጃ፣ የጠላችሁ ይመስለኛል።»

«ሰልሞ ይሆናል። መስጊድ ደርሶ መጣ።»

«ከሰለመማ ከእናንተ ጋር ሄዶ እዚህ ይጠፋ ነበር እንጂ እንዴት እዚህ ይነሳል? ደግሞ እኮ የተማርክ ነህ!»

ልክ ናት። ኔትወርኩ አልሄደም፤ የሄደው ሌላ ነገር ነው። ጁምዓ ሲሰገድ ምን ይዘጋል? በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አሻግሬ አየሁ። ተቀጣሪዋ ልጅ የሻይ ቤቱን በር እየከፈተች ነበር።

ላፕቶፔን ብድግ አድርጌ ባጃጅ ያዝኩ። ላፕቶፑ ላይም ያው ሲስተም፣ ያው አስተዳዳሪ ነው ያለው። ባለባጃጁን «ወደ ጅማ ንዳው» አልኩት።

«ጅማ? ጅማ በባጃጅ?»

«ትንሽ ብቻ። እስኪነሳ ድረስ።»

«ምኑ ነው የሚነሳው?»

ስክሪኑ ላይ አፍጥጫለሁ። ከከተማው ወጣ እንዳልን አስተዳዳሪው ተነሳ፤ ቆመ፤ አልወደቀም። «ተመለስ» አልኩት። ሻይ ቤቱ ጋ ስንደርስ ወደቀ። «ሂድ።» ተነሳ። «ተመለስ።» ወደቀ።

«ኦቦ» አለኝ በትህትና፣ «ወንድምህ መሞቱን ሰምቻለሁ። አላህ ይርሐመው። ቤትህ ላድርስህ?»

ስልኬን አውጥቼ አካባቢው ላይ ያሉትን ዋይፋዮች አየሁ። አንዱ የኛ ግቢ ነው። ሌላው እንዲህ ይላል፦ ኮዱን ካሹ ሚስቴን። ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ በጥቁር አልማዝ ውስጥ የጥያቄ ምልክት።

ወንድሜ ፓስወርድ ማለት አይሆንለትም ነበር፤ ኮድ ነው የሚለው። ራውተሩን የገዛነው ያኔ ከሐኪሙ የወጣ ቀን ነው። ጅማ ካሉት ራውተሮች ሁሉ ርካሹን ፈልጎ ገዛ፤ እንኳን ዋይፋይ ጥላ የሚጥል አይመስልም። «ስሙን ራሴ ነው የምጽፈው፣ አንተ ታበላሽብኛለህ» አለኝ። ማታ ጻፈው። በዚያው ሳምንት ሞተ፤ ሻይ ቤቱ ተዘጋ፤ ራውተሩ ተነቀለ። ሻይ ቤቱ ሲከፈት ልጅቷ ሰካችው። ልጅቷ ሰካችው፣ እኛ ወደቅን፤ ዘግታ ስትነቅለው እንነሳለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማሽን የፈረንጅ ፊደልም ክፍት ቦታም አንድ አንድ ቁጥር ነው፤ የኛ ግን ሦስት። የመጀመሪያው ቁጥር ከተማው ነው በሉት፤ «የግዕዝ ፊደል አገር ደርሰሃል» ይላል። ሁለተኛው ቀበሌው ነው። ሦስተኛው የቤት ቁጥሩ ነው። ለዋይፋይ ስም ደግሞ የተፈቀደው ቦታ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ ይህን ሕግ ያወጣው ሰው አማርኛ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማ አይመስለኝም። ወንድሜ «ኮዱን ካሹ ሚስቴን» ብሎ ክፍት ቦታ ሲያስቀምጥ ሠላሳው ሞላ። ቀጣዩ ፊደል ሦስት ይፈልጋል፣ የቀረው ሁለት። ደህና ራውተር ቢሆን «አልችልም» ይል ነበር። ርካሹ ግን ፊደሉን መሃል ለመሃል በጠሰው፤ ከተማውንና ቀበሌውን ይዞ የቤት ቁጥሩን ጣለ። ያን የተቆረጠ ፊደል ቀኑን ሙሉ በአየር ላይ ይጮኸዋል።

የኛ አስተዳዳሪ ደግሞ ሥራው ዙሪያውን እየዞረ የዋይፋዮችን ስም ማንበብ ነው። ያቺ ፊደል ላይ ሲደርስ የጎደለውን ሦስተኛ ቁጥር ፍለጋ ከስሙ መጨረሻ አልፎ ይሄዳል፤ ገደል ነው፤ ይወድቃል። ሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን ዓይነቱን ክፍተት አገልግሎት መንፈግ እንለዋለን። ምንም አይሰረቅም፣ ምንም አይነበብም። በሩ ላይ የሆነ ነገር ይጋደምና ማንም መግባት አይችልም። ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ የሚያደርገው ክፉ ሰው አለ። ወንድሜ ግን በሕይወቱ ከስኳር በቀር የነፈገው ነገር የለም። ያልኩት ይህንን ነው፣ ለባለባጃጁ። ከዚያ የወንድሜ ሚስት የጠየቀችው ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ሐጂ ስነግራቸው ብዙ አላሰቡም። «ታዲያ ቀላል ነው። ወንድምህ የተከለውን ንቀለው።»

ቀላል ነው። ራውተሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ጫን ማለት ብቻ ነው፤ ሁሉም ይጠፋል፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። መርፌውን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ሻይ ቤት ገብቼ፣ በጓዳው በር አልፌ፣ ከኋላ ባለው ቤታቸው መጋረጃው ጋ ስደርስ፣ እናቴ እንደ ወትሮው መሃል ላይ ነበረች።

«ራውተሩን ላጠፋው ነው» አልኩ። «ስሙ ነው ቢሮውን የሚጥለው።»

«የቱ ስም?» አለች የወንድሜ ሚስት።

ስልኬን ለእናቴ ሰጠኋት፣ እናቴ በመጋረጃው ሥር አሳለፈችላት።

«ሚስቴን ምን?» አለች።

«ተቆርጧል። አንድ ፊደል ተጀምሮ አላለቀም።»

«ሲጽፈው እኮ ብቻውን ይስቅ ነበር። ‹ምን ያስቅሃል› ብለው ‹ነገ ታዪዋለሽ› አለኝ። በነጋታው ደከመው፣ ተኛ፣ እኔም ረሳሁት።» ድምፅዋ ተለወጠ። «ምን ነበር የጻፈው? ፊደሉ አይታወቅም?»

«ቀበሌው ይታወቃል። ቤቱ አይታወቅም።» ካልኩ በኋላ የማይገባ ነገር እንዳልኩ ገባኝና አስረዳኋት፤ ከፊደሉ የቀሩት ሁለት ቁጥሮች ጀ፣ ገ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ ከነቤተሰቦቻቸው የሚኖሩበት ሰፈር እንደሚያደርሱ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እንደማይሄዱ።

እናቴ «ሚስቴን ለምኑ ነው የሚሆነው» አለች።

«ለ እዚያ ሰፈር የለም እማዬ።»

«ሚስቴን ፍሩ» አለች የወንድሜ ሚስት። «እንደሱ ይለኝ ነበር።»

«ፈም የለም። ቀጥሎ ያለው ቀበሌ ነው።» ከዚያ አፌ ሥራውን ጀመረ። «‹ሚስቴን ጋብዙ› ይሆናል። ወይ ደግሞ ‹ሚስቴን ጨቅጭቁ፣ እኔ ደክሞኛል›።»

«እሱ ያንተ ነው» አለች ወዲያው። «የሱ አይደለም። የሱን አውቃለሁ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጠይቁ ነው። ኮዱን ካሹ ሚስቴን ጠይቁ።»

«እኔም እሱን ነው ያሰብኩት።»

«ወይ ጠብቁ።»

እናቴ መቁጠሪያዋን አቆመች።

«ጠይቁ ከሆነ ቀልዱ ነው» አለች የወንድሜ ሚስት። «ሰው ሁሉ እየመጣ ኮድ ሲለኝ ሊስቅብኝ። ጠብቁ ካለ ግን አደራ ነው። ከሐኪም በመጣ ቀን፣ ሚስቴን ጠብቁ ብሎ መንገድ ላይ ለሚያልፈው ሁሉ! ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለሰርቦ ነግሮ እኔን ደበቀኝ ማለት ነው።»

«ስቋል ብለሽ የለም?» አልኩ። «የሚስቅ ሰው አደራ አይጽፍም።»

«አንተስ ለቅሶው ላይ ስትስቅ አልነበር?»

ፊቴን በእጄ ነካሁት፤ እንጨት የነካሁ መሰለኝ።

«መርፌውን ተወው» አለች፣ ስልኬን በመጋረጃው ሥር እየመለሰች። «ማሽኑ ውስጥ አይገኝም? እሱ የጻፈው ሙሉው?»

ሊገኝ ይችላል። አንዳንዱ ራውተር ቆርጦ ይጮሃል እንጂ ውስጡ ሙሉውን ያስቀምጣል። ሻይ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሄጄ ራውተሩን ገለበጥኩት፤ የመግቢያ ቃሉ ከሥሩ ተለጥፏል፣ ወንድሜ አልቀየረውም። ላፕቶፔ እዚያ ቦታ ላይ ወዳቂ ስለሆነ በስልኬ ገባሁ። ስልኬን ይዤ መጋረጃው ጋ ተመለስኩ። እናቴ አጠገቤ ተጠጋች፤ አማርኛ ማንበብ አትችልም፣ ግን አፍጥጣ ታይ ነበር። የወንድሜ ሚስት መጋረጃውን በአንድ ጣት ያህል ገለጥ አደረገች።

ገጹ ዘገየ። ከዚያ ተከፈተ። ስሙ የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ኮዱን ካሹ ሚስቴን ይላል፣ ክፍት ቦታ፣ ጥቁሩ አልማዝ። ሌላ የለም።

«በቃ?»

«በቃ።»

«የቀረው የት ሄደ?»

«የትም። ከልኩ በላይ የሆነውን ማሽኑ አይቀበልም። ይጥለዋል።»

መጋረጃው ተመልሶ ተዘጋ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ደምበኞች ስለ ዋንጫ ጨዋታ ይጨቃጨቃሉ፤ ከዚያ ማዶ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። እኔ ቆሜያለሁ። ማዘን የነበረብኝ ያኔ ይመስለኛል። ስለ ጥሩምባው ነው ያሰብኩት፤ የትኛው መኪና እንደሆነ ከድምፁ ለይቼ ነበር።

«ልጨርሰው?» አልኩ በመጨረሻ። «‹ጠይቁ› ብዬ ልጻፍበት? ኮዱን የሚለውን ካወጣን ቦታው ይበቃል።»

«ማንም አይጨርስለትም!» አለች። ከዚያ ዝግ ብላ፣ «ያቺን ስባሪ ብቻ አንሳት። ሌላው እንዳለ ይሁን።»

እናቴ ልታጽናናት ብላ «ጠይቁም አለ ጠብቁ፣ ያለው አንቺን ነው እኮ» አለች። «አውፍ በይው፣ ማሎ።» መጋረጃው ከወዲያ በኩል ጠበቅ ብሎ ተሳበ።

ከማንሳቴ በፊት የስሙን ቁጥሮች አንድ በአንድ ቀዳኋቸው፤ ለምን እንደቀዳሁ ያኔ አላውቅም፣ የሙያ ልማድ ነው። ከዚያ ስባሪዋን አጠፋሁ፣ አስቀምጥ አልኩ። ሻይ ቤቱ ውስጥ «ኔትወርክ ሄደ!» የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ወዲያው ተመለሰ። አንዱ ደምበኛ ጮክ ብሎ «ሚስቴን ምን? ሚስቴን ምን? ጨርሱልን እንጂ!» ይላል። ሰው ሳቀ። መንገዱን ስሻገር መዛኟ ከመስኮቱ እጇን እያወዛወዘች ነበር፤ መሸኛዎቹ ተከታትለው እየመጡ፣ የመጀመሪያው መኪና ከግቢው እየወጣ።

ሐጂ «ነቀልከው?» አሉኝ።

«አንድ ፊደል አነሳሁ።»

«አንድ ፊደል ነው ይህን ሁሉ መኪና ያቆመው?»

«ሙሉም አይደለም፣ ሐጂ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የናንተ ቤት ሰው ማጋነን አይተውም።»

በሕይወቴ አንድ ጊዜ እውነት ተናገርኩ፣ እሱም እንደ ማጋነን ተቆጠረብኝ።

ቤቴ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ነው። እዚያ ሆኜ ፕሮግራሙን ለሚሠሩት ሰዎች ጻፍኩላቸው። የት አገር እንዳሉ አላውቅም፤ አይተዋወቁም መሰለኝ እርስ በርስ። የተቆረጠ ስም ሲያነብ አስተዳዳሪያችሁ ይወድቃል፣ ማንም ተንኮለኛ መንገድ ዳር እንዲህ ያለ ስም ይዞ ቢቆም አንድ ሰፈር ሙሉ አገልግሎት ይነፈጋል ብዬ፣ ወንድሜ የጻፈውን ስም ከነስባሪው፣ ከነቁጥሩ አያያዝኩ። አንዱ መለሰልኝ። አመሰገነ፤ እሱም ጋ ሞክሮት እንደወደቀ ነገረኝ። ከዚያ፣ በትህትና፣ ዓረፍተ ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ብዙ ነገር መጻፍ እችል ነበር፤ ስለ ጉንዳኗ፣ ስለ ስኳሩ። «አላለቀም» ብዬ ብቻ ጻፍኩለት።

እርማቱ ሲወጣ የወንድሜ ሚስት ዒዳዋን ጨርሳ ነበር። ሻይ ቤት ባንኮኒው ኋላ ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች፤ እናቴ ከጓዳ ውስጥ ናት። ደምበኞቹ «ሚስቴን ምን?» ማለቱን ሰልችተው ትተውታል፤ ኮዱንም ሁሉም ያውቀዋል። አዲሱን ፕሮግራም ግቢው ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ጭኜ፣ ሻይ ልጠጣ ተሻገርኩ። ሻዩን ስትሰጠኝ ስኳሩ ሞልቷል።

«ያ ስባሪ ፊደል» አልኳት፣ «አሁን ቢመለስ ምንም አያደርግም። አስተካክለውታል።»

«እነማን?»

«ሰዎቹ። ደግሞ አስቀምጠውታል። ፕሮግራሙን በነካኩ ቁጥር ሳያወጡት በፊት ይፈትኑታል፤ ከሚፈትኑባቸው ስሞች አንዱ የሱ ነው። ከነስባሪው። ያልፍ እንደሆነ ያዩበታል።»

ብርጭቆውን ውሃው ውስጥ እንዳደረገች እጇ ቆመ።

«እና ምን ብለው ያነቡታል?» አለች። «ጠይቁ ነው ጠብቁ?»

«አያነቡትም። እንደተቆረጠ ይተዉትና ሳይወድቁ ያልፉታል።»

«ሳያውቁት?»

«ሳያውቁት።»

ብርጭቆውን አወጣች፣ በፎጣ ወለወለችው፣ ገልብጣ ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው። አንድ ደምበኛ ሂሳብ አላት፣ ተቀበለችው። ሌላ ብርጭቆ አነሳች።

«ግባና ለእናትህ ንገራት» አለችኝ ሳታየኝ። «አውፍ ብዬዋለሁ በላት።»

ሻዬን ጨርሼ ገባሁ።